ብቻውን የሄደ እንዴት ይመለሳል?

ስለ ጉዞ የሚጻፈው ነገር ሁሉ ስለ መነሻው ነው። ሻንጣው እንዴት እንደተሸከፈ፣ እናት እንዴት እንደመረቁ፣ የመጀመሪያው ዳገት እንዴት እንዳስለከለከ... ስለ መጨረሻዋ ቀን ግን ትንፍሽ የሚል የለም። "ደረሰ፣ ቤቱ ገባ፣ አለቀ!" ይባልና ወሬው እዚያው ያበቃል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለዚችው ስለተረሳችው ቀን ነው። ምክንያቱም ብቻን መሄድ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ተመልሶ ሰው መሃል መግባቱ ነው።

እስቲ እንተማመን። እኛ ሐበሾች ብቻውን የሚሄድ ሰው አይገባንም። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" እየተባልን ነው ያደግነው። ማኪያቶ ለመጠጣት እንኳ ሰው እንጠራለን። ብቻዋን ሲኒማ የገባች ልጅ ከታየች "ምን ሆና ነው?" ይባላል። ታዲያ አንድ ጤነኛ ጎረምሳ ተነስቶ "ለስምንት ቀን ብቻዬን በብስክሌት ጫካ ለጫካ ልሄድ ነው" ቢል ምን ይባል? ወይ ጸበል ይወሰዳል፣ ወይ ዘመድ ይሰበሰብበታል!

ያ ጎረምሳ እኔ ነኝ። የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ሌሊት እሰራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ፣ በመሃል ትርፍ ሰዓት ሲገኝ ለጋዜጣ እጽፋለሁ። በ2018 ዓ.ም. መስከረም ላይ ብስክሌቴን በባቡር ጭኜ ፒትስበርግ ሄድኩና ከዚያ ወደ ዋሽንግተን 537 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር እንደማለት ነው።

ለምን? ትሉ ይሆናል። ሽማግሌ ሊላክ ሁለት ወር ሲቀረው ፍቅረኛዬ "ይቅርብኝ" አለች። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን እንተወው፤ ለሱ ይህ ገጽ አይበቃውም። ከመለያየቱ ይልቅ የከበደኝ የሰዉ ፊት ነበር። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ እንጀራ መሸጫው ውስጥ፣ የሰው ሰርግ ላይ... "እሷስ እንዴት ናት?" የምትለዋ ጥያቄ! የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ቁጥሩ ብዙ ነው ቢባልም መንደሩ ጠባብ ነው። እናም ጥያቄ የሌለበት ቦታ ፍለጋ ሄድኩ። አብሮኝ ለሚኖረው ልጅ የምሄድበትን ነገርኩት፣ ማታ ማታ "አለሁ" የምትል አንዲት ቃል በስልክ ልልክለት ተስማማን፤ በቃ።

ባቡርና በቅሎ የተዉት መንገድ

መንገዱን ስትሰሙት ተረት ይመስላል። የመጀመሪያው 240 ኪሎ ሜትር፣ ከፒትስበርግ እስከ ካምበርላንድ፣ ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ ነው። ሐዲዱ ተነቀለ፣ ጠጠር ለበሰ፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ተሰጠ። መኪና ድርሽ አይልበትም። ከመንገዱ ሁሉ ከፍ ያለው ቦታ 729 ሜትር ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ይሄ ቆላ ነው እንጂ ተራራ አይባልም!

ቀሪው 297 ኪሎ ሜትር ደግሞ የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ የተቆፈረ የአሮጌ ቦይ ዳር ነው። ቦዩ መቆፈር የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1828 ነው። በዚያችው ቀን ከባልቲሞር ወደ ምዕራብ የሚሄደው የባቡር ሐዲድም ስራ ተጀመረ። ማን ይቅደም? ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1842 ካምበርላንድ ገባ፣ ቦዩ በ1850 ደረሰ። ስምንት ዓመት ተቀደመ ማለት ነው። ፒትስበርግ ድረስ ይሄዳል የተባለው ቦይ እዚያው ካምበርላንድ ላይ ቆመ።

ቢሆንም ሰርቷል። የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች ይመላለሱበት ነበር። ጀልባውን የሚጎትተው ማን መሰላችሁ? በቅሎ! በቅሎዎቹ ዳር ዳሩን ይሄዳሉ፣ ጀልባው በገመድ ይከተላል። እኔ የነዳሁበት ጥርጊያ ያ የበቅሎዎቹ መንገድ ነው። ከካምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን ያለውን የ184 ሜትር ቁልቁለት ጀልባዎቹ የሚወርዱት 74 የውሃ በሮች እየተከፈቱና እየተዘጉ፣ ደረጃ በደረጃ ነበር። በብዙዎቹ በሮች አጠገብ የበረኛው ትንሽ ቤት ነበረች፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ1924 ጎርፍ መታውና የጀልባው ነገር በዚያው ቀረ።

ከዚያማ "የመኪና መንገድ ይሁን" ተባለ። አንድ ታዋቂ ጋዜጣም እ.ኤ.አ. በ1954 ይህን ሐሳብ ደገፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ ሰው ግን ለጋዜጣው አዘጋጅ "እስቲ ና፣ አብረን በእግር እንየው" ብለው ጻፉለት። 58 ሰው ሆነው ተነሱ፤ ዳኛውን ጨምሮ ሙሉውን የጨረሱት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ስምንት ቀን ፈጀባቸው። ጋዜጣውም አቋሙን ለዘብ አደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ቦታው ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ ሆነ። እግር ባይኖር ኖሮ ዛሬ አስፋልት ነበር።

ቁጥሩ ወደ ኋላ ሲቆጥር

የቦዩ መንገድ አንድ ጉድ አለው። በየማይሉ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ተተክሏል፤ ዜሮው ዋሽንግተን ነው። ወደ ዋሽንግተን ስትመጡ እንግዲህ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል። በ184 ላይ ሳላችሁ ምንም አይመስላችሁም። 50 ስትደርሱ ማስላት ትጀምራላችሁ። የመጨረሻዋ ቀን ማለዳ ላይ የድንኳኔ አጠገብ የነበረው ምልክት 42 ይል ነበር። በኪሎ ሜትር ሲታሰብ 68 ገደማ።

የመስቀል ማግስት እሁድ ነው። በመንገዱ ላይ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ የድንኳን ቦታ አለ፤ ገንዘብ አይከፈልበትም፣ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚታደረው። የእጅ ፓምፕ፣ ጠረጴዛ፣ እሳት ማንደጃና መጸዳጃ አለው። ውሃ ቀዳሁ፣ በሶዬን በማር በጠበጥኩ፣ ቆሎዬን ዘገንኩ። (ፈረንጆቹ በውድ ገንዘብ የሚገዙትን የጉዞ ምግብ አያቶቻችን በአቁማዳ ይዘው ይዞሩ እንደነበር ልብ በሉልኝ።) ወንዙ ላይ ጉም ተኝቷል። ድንኳኑ በጤዛ በስብሷል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ተነሳሁ።

ገና ከመነሳቴ የሞኖካሲ የውሃ ድልድይ መጣ። ድልድይ ሲባል ሰው በውሃ ላይ የሚሻገርበት ነው አይደል? ይሄኛው ግን ውሃው ራሱ በውሃ ላይ የሚሻገርበት ነው! ጀልባዎቹ ከነቦያቸው ወንዙን እንዲሻገሩ እ.ኤ.አ. በ1833 ተሰርቶ ያለቀ፣ ሰባት ቅስት ያለው፣ 157 ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ስራ ነው። መሃሉ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ሰው የሚባል የለም። ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተላወሰ። ድካም እንዳልል፣ እግሬ ከስምንት ቀን በኋላ ብረት ሆኗል። ፍርሃት ነበር። ነገ ሰኞ ነው። ስራ አለ፣ ሰው አለ፣ "የት ጠፍተህ ነው?" አለ። ሰባት ቀን ሙሉ የሸሸሁት ጥያቄ በዜሮው ምልክት ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ መሰለኝ።

ብቻቸውን የተጓዙ ሰዎች ሁሉ በመጨረሻው ቀን ሁለት ነገር ያምራቸዋል። አንደኛው በጥድፊያ ነድቶ መገላገል ነው። ሁለተኛው ድንኳን ተክሎ አንድ ሌሊት መጨመር። እኔንም ሁለቱም አማሩኝ። ያዳነኝ መንገዱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እንዴት? ልንገራችሁ።

ሰው አንድ በአንድ ሲመለስ

ከ42 እስከ 25 ባለው ከአጋዘንና ከኤሊ በቀር ያገኘሁት የለም። ኤሊዎቹ ግንድ ላይ ተሰልፈው ጸሐይ ይሞቃሉ፣ ስጠጋቸው ተራ በተራ ጡብ ይላሉ። በየመንገዱ ዳር ፖፖ የሚባለው የአካባቢው ፍሬ በስሎ ወድቋል፤ ጣዕሙ ሙዝም ነው ማንጎም ነው። ሰው የሚያሻግር ጀልባ የነበረበት ዋይትስ ፌሪ የሚባል ቦታ አለፍኩ። ማዶ ባለው መሬት ክርክር ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ስራ ያቆመ ነው። ሰው ሲጣላ ወንዝም አይሻገርም።

25 ላይ ልደርስ ስል የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ወርጄ ቸርኬውን ፈታሁ፣ ካላማዳሪውን ጎትቼ አወጣሁ፣ እሾኋን ነቀልኩ። መለዋወጫ ይዤ ስለነበር ማስቲሽ ፍለጋ አልገባሁም። እጄ በካቴናው ዘይት እስከ ክርኔ ጠቁሯል። ይህን ሳደርግ አንድ የአሳ መንጠቆ የያዙ ሽማግሌ ፈረንጅ መጡ። ምንም አልጠየቁኝም። ዝም ብለው ብስክሌቱን ከፍ አድርገው ያዙልኝ። ጎማው ገባ፣ ነፋሁ፣ አመሰገንኩ። "መልካም መንገድ" አሉኝና ሄዱ። የዚያን ቀን መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው ይህ ነው። ጥያቄ የሌለበት ሰው!

ሴኔካ ላይ፣ በ22 አካባቢ፣ ሁለትና ሦስት ሆነው ጀልባ የሚቀዝፉ ወጣቶች ታዩ። የውሃ በሩም የውሃ ድልድዩም የተሰሩት በቀይ ድንጋይ ነው፤ ዋሽንግተን መሃል ያለው የስሚዝሶኒያን ቀዩ ግንብ የተሰራበት ድንጋይ ከዚህ አካባቢ የወጣ ነው። ከሴኔካ በታች ደግሞ ውሻ የሚያንሸራሽሩ መጡ፣ ከዚያ ሯጮች፣ ከዚያ ጋሪ የሚገፉ እናቶች። አንገት ነቅነቅ፣ እጅ ከፍ፣ ፈገግ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አውሮፕላን ከብቸኝነት አውጥቶ አንድ ጊዜ ጫጫታ መሃል ይወረውራችኋል። አውቶቡስም እንደዚያው ነው። ይሄ መንገድ ግን ሰውን በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚመልሰው። መጀመሪያ ምንም፣ ቀጥሎ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ከሩቅ ሰላምታ፣ ቀጥሎ... ቀጥሎማ ግሬት ፎልስ!

ጉርሻ

ግሬት ፎልስ ማለት የፖቶማክ ወንዝ በቋጥኝ መሃል እየተሰባበረ የሚወድቅበት ነው። ምልክቱ 14 ይላል፤ ለመጨረስ 23 ኪሎ ሜትር ቀርቷል። ከዋሽንግተን ቅርብ ስለሆነ እሁድ እሁድ ሕዝቡ ይጎርፍበታል። ውሃ ልቀዳ ብስክሌቴን እየገፋሁ ስሄድ ከጠረጴዛዎቹ አንዱ ላይ ምን አየሁ? ነጠላ!

አንድ ቤተሰብ ነው። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆች። ትልቅ ትሪ ላይ እንጀራ ተዘርግቷል፣ የመስቀል ክትፎ በሳህን አለ። ሹልክ ብዬ ላልፍ ነበር። የት ይቀርልኛል!

"አንተ ልጅ፣ ሐበሻ ነህ?" አሉኝ እናትየዋ።

"አዎ እማማ። እንኳን አደረሰዎ።"

"እንኳን አብሮ አደረሰን። ምን ሆነህ ነው እንዲህ በጭቃ የተለወስከው? ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከፒትስበርግ።"

"በዚህ?" ብስክሌቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

ጠረጴዛው ዝም አለ። አባትየው ጉርሻቸውን አየር ላይ አቆሙ። እናትየዋ ጠጋ ብለው፣ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?" አሉኝ።

"ኧረ ከማንም አልተጣላሁም እማማ።"

"እንግዲያው ማን ጥሎህ ሄዶ ነው?"

"እማዬ! ኧረ ተዪው እንጂ!" ብላ ልጃቸው ጮኸች። በኀፍረት ፊቷን ሸፈነች።

ይኸው መጣ! ሰባት ቀንና 514 ኪሎ ሜትር የሸሸሁት ጥያቄ ነጠላ ለብሶ ግሬት ፎልስ ላይ ጠበቀኝ። ግን አልሸሸሁም። ጠዋት ከጉም ውስጥ ብወጣና ወዲያው ብጠየቅ ኖሮ "ደህና ነኝ" ብዬ እብስ ነበር። ከሽማግሌው፣ ከቀዛፊዎቹ፣ ከሯጮቹ በኋላ ግን አፌ ተፈቷል። "ልንጋባ ነበር፣ ቀረ" አልኳቸው። ይህን ከአፌ አውጥቼ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ከንፈር መምጠጥ ጠበቅኩ። ምክርም ጠበቅኩ። እናትየዋ ግን ያሉት ሁለት ቃል ነው፤ "እንግዲያው ብላ።"

እጄን አሳየኋቸው። ጥቁር ነው። "እሱ ምን ችግር አለው?" ብለው በክትፎ የተጠቀለለ ጉርሻ ወደ አፌ አመጡ። ስምንት ቀን ሙሉ በሶ ለብቻው ሲጋት የከረመ ጉሮሮ! "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብለው ሁለተኛውን አስከተሉ። ሦስተኛውን አባትየው አጎረሱኝ። ሕጻናቱ ብስክሌቴ ላይ ተራ እየተጋፉ ይወጣሉ፣ አንዱ ደወሉን ይደውላል። ስሄድ በወረቀት የተጠቀለለ እንጀራ ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ። ለማን እንደነበረች፣ ለምን እንደቀረ ማንም አልጠየቀኝም።

ዜሮ

ከግሬት ፎልስ በታች መንገዱ በውሃ በሮቹ ዳር ቁልቁል እየወረደ ይሄዳል። 9 አካባቢ ዋሽንግተንን የሚዞረው ትልቁ አውራ ጎዳና በራሳችሁ ላይ ያልፋል፤ የመኪናው ጩኸት ከስምንት ቀን በኋላ ጆሮ ይበሳል። ቁጥሩ 5፣ 4፣ 3 እያለ ጆርጅታውን ገባሁ። እዚያ ጥርጊያው ጠባብ ነው፣ ሰው ብዙ ነው፣ ወርዶ መግፋት ይሻላል። ግራና ቀኙ የጡብ ሕንጻ፣ ካፌ፣ ሱቅ ነው። ቦርሳ የተሸከመች ጭቃማ ብስክሌት እየገፋሁ ሳልፍ ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

ዜሮው የት ነው? እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጆርጅታውን ሲገቡ ያለቀ ይመስላቸዋል። ዜሮው ግን ከዚያ አልፎ፣ ሮክ ክሪክ የምትባለው ትንሽ ወንዝ ፖቶማክን የምትቀላቀልበት ዳር፣ ከጀልባ ማከራያ ቤት ጀርባ ነው። አጃቢ የለም፣ ሪቫን የለም፣ ጭብጨባ የለም። ከወንዟ ማዶ የሚታየው ዋተርጌት የሚባለው ሕንጻ ነው። አያችሁ የታሪክ ቀልድ! ቦዩን ፓርክ ያደረገውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1971 የፈረሙት ፕሬዚዳንት፣ በ1972 በዚሁ ሕንጻ ውስጥ በተፈጸመው ሰብሮ መግባት ጣጣ የተነሳ በ1974 ስልጣን ለቀቁ። መነሻቸውና መውደቂያቸው ፊት ለፊት ይተያያሉ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። የእናትየዋን እንጀራ በላሁ። ስልኬን አውጥቼ "አለሁ" በምትለዋ ፋንታ "ደረስኩ" ብዬ ላክሁ።

ቤቴ ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት ነው። በር ሲከፈት አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ብቻውን አልነበረም፤ ሁለት ጓደኞቻችን ቡና ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ገና ሳልቀመጥ "አንተ! የት ጠፍተህ ነው? እሷስ?" አለኝ። ነገርኩት። አንድ ጊዜ ከአፍ የወጣ ነገር ሁለተኛ ጊዜ አይከብድም። እሱም "በቃ እሺ" አለና ሲኒውን አቀበለኝ።

ለመውጣት ላሰባችሁ

ብቻዬን ልሂድ ለምትሉ ወጣቶች ከዚህ መንገድ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የመጨረሻዋን ቀን አታሳጥሯት። ብዙ ሰው አጭር ርቀት ትቶላት ገና ረፋድ ላይ ቤቱ ይገባል። ሙሉ ቀን ስጧት። ሰው እንደ ምግብ ነው፤ ከረጅም ጾም በኋላ በትንሽ በትንሹ ነው የሚለመደው።

ሁለተኛ፣ መጨረሻው ከባዶ ወደ ሰው ቀስ እያለ የሚገባ መንገድ ምረጡ። ሐዋሳ ያላችሁ ከከተማው ራቅ ብላችሁ ጀምራችሁ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ሰዉ መሃል መጨረስ ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የተሰሩትን የብስክሌት መስመሮች እንደ መለማመጃ ያዟቸው። ከከተማ ውጭ ለመሄድ ስታስቡ ግን የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ የት እንደምታድሩ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑራችሁ። በተለይ እናንተ እህቶቼ! ብቻን መሄድ እንጂ መጥፋት ጀብዱ አይደለም። ማታ ማታ "አለሁ" ማለት አፍ አያደክምም።

አራተኛ፣ የሸሻችሁት ነገር ካለ መንገድ ላይ ይቀራል ብላችሁ አታስቡ። ቀድሟችሁ ደርሶ ይጠብቃችኋል። መንገድ የሚጠቅመው ስታገኙት አፋችሁ እንዲፈታ፣ እግራችሁ እንዳይብረከረክ ነው።

እና አንዲት እናት መንገድ ዳር "ከማን ተጣልተህ ነው?" ካሉህ አትቀየማቸው። እጅህ ቢቆሽሽም አፍህን ክፈት። መልካም መንገድ!